ደጀን ላይ ያወረድኳቸው ልጆች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «እንዴት አወቅሽ?» ይለኛል። አንዳንዱ ሕልም ያየሁ ይመስለዋል። አንዳንዷ ደግሞ የተለየ ምስጢር እንድነግራት ጆሮዋን ታስጠጋልኛለች። የምነግራት ምስጢር የለኝም። ያን ጠዋት ያወቅሁት ነገር አልነበረም። የሆነውን ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያን ጊዜ በከተማችን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ። ስሙ ሲጠራ ትልቅ ነገር ይመስላል። ሥራዬ ግን ኳስ መንፋት፣ ማልያ ማሳጠብ፣ የተጋጨ ጉልበት ማሰር፣ ሆዷን የቆረጣትን ልጅ ከፊቷ አይቼ ለዋናው አሰልጣኝ «ዛሬ ትረፍ» ማለት ነበር። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ እንዴት እንጫወት የሚለው የእኔ ጉዳይ አልነበረም። ሐሳብ ቢኖረኝም ተናግሬ አላውቅም። ገና ወጣት ነበርኩ፤ ያን ሥራ ማግኘቴ ራሱ ሲያስደንቀኝ ይውል ነበር።

ዋናው አሰልጣኝ ጋሽ ዓለሙ ይባላሉ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ አደራ። እኔንም ከተማሪነቴ ጀምሮ ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ክረምት ላይ ሜዳው ውኃ ሲቋጥር ከሁላችንም ቀድመው መጥተው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ውኃውን በመጥረጊያ ሲገፉ እናገኛቸው ነበር። ሴት ልጅ በቁምጣ ትሮጣለች ሲባል ወላጅ በሚያፍርበት አገር አንድ ቡድን ያቆሙት በልምምጥ ነው። ዕድሜያቸው እየገፋ ሄዶ ነበርና አንድ ቀን ይህን ቡድን አዲስ አበባ ወስደው የማሳየት ምኞት ነበራቸው። ያ ቀን ሲመጣ ምን ያህል እንደጓጉ የምናውቀው አብረናቸው የነበርነው ብቻ ነን።

የልጆቹ ወላጆች ግን የሚያውቁት እኔን ነበር። ከቁይም፣ ከሉማሜም፣ ከሮብ ገበያም ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ የሚያርፉት እኔ ጋ ነው። ከጉዟችን ዋዜማ የታንጉት አባት መጡ። ታንጉት የቡድናችን ረጅሟ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ሰው ሲጠራት የምትደነግጥ። አባቷ ከሮብ ገበያ ወዲያ ያለች አንዲት ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። መስቀል ተሳልሜ ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ኳሱን እኔ አላውቀውም» አሉኝ። «የማውቀው አንቺን ነው።»

«አይስጉ አባ፤ አብሬያት ነኝ።»

«አብረሽ መሆንሽን አልጠየቅሁሽም። መልሰሽ ታመጪልኛለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ አባ።»

«እሱማ ያውቃል» አሉ፤ ፊቴን ትክ ብለው እያዩ። «አንቺስ?»

ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው።

የአዲስ አበባው ጨዋታ በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። የኮሌጁ መኪና በዋዜማው ስለተበላሸ ኪራይ ሲፈለግ ዋለና ማታ ላይ አንድ አሮጌ አውቶብስ ተገኘ። ጎህ ሳይቀድ ግቢው በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። ግንቦት እየወጣ፣ ዝናቡ እየገባ ነበር። ጉሙ ከጨሞጋ ወንዝ ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ መብራቱን ሳናይ ድምፁን ሰማን። ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ የጠመጠሙ ሰው ናቸው። አባባ ታዬ ነው ስማቸው። ከማንም ጋር አልመጡም።

«ረዳት የለዎትም እንዴ?» አልኳቸው፣ ሻንጣ የሚጭን ሰው ስፈልግ።

«ትናንት ጥሎኝ ሄደ።»

«ምነው?»

«መኪናውን አልወደደውም» አሉና ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግራቸው መቱ።

ሻንጣዎቹን እኔና ልጆቹ ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ጭነን በሸራ ሸፈንናቸው። ጋሽ ዓለሙ ከፊት በበሩ በኩል ተቀመጡ፤ እኔ ከሾፌሩ ኋላ። ልጆቹ እስከ ከተማው መውጫ ሲዘፍኑ ነበር፤ ከዚያ ቅዝቃዜውና እንቅልፉ ዝም አሰኛቸው። ሉማሜ ስንደርስ አባባ ታዬ መኪናውን ዳር አስይዘው ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ረዳት ነኝ ስትዪ ሰምቼሻለሁ። እስቲ ታኮ አድርጊልኝ፤ የእጁ ፍሬን አይይዝም።»

ወርጄ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስቼ ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጥኩ። ቀና ስል አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ጨርቅ ሲቃጠል የሚሸተው ዓይነት። ጎማው ከውስጥ በኩል ረጥቧል። ዝናብ መስሎኝ በጣቴ ነካሁት፤ ያሟልጫል። አባባ ታዬም ወርደው አጠገቤ ቆመው ነበርና ጣቴን አሳየኋቸው። እሳቸውም ነኩት፣ አሹት፣ ከዚያ ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት።

«ዝናብ ነው» አሉኝ፤ ዐይኔን ሳያዩ።

ከሉማሜ በኋላ ዐይኔ ከእግራቸው አልተነሳም። ፍሬን ሲይዙ አንዴ ረግጠው አያቆሙም፤ ይረግጣሉ፣ ይለቃሉ፣ ደግመው ይረግጣሉ። የትኖራን እንዳለፍን ከጉሙ ውስጥ የሰው ጥላ ታየኝ። ቀብር የሚሄዱ ሰዎች አስከሬን ተሸክመው መንገዱን እያቋረጡ ነበር። አባባ ታዬ ረገጡ፤ መኪናው ግን መንሸራተቱን ቀጠለ። ደግመው ረገጡ፣ ማርሹን ቀነሱ፣ መኪናው አጓርቶ ተንገጫገጨና ቆመ። የቆምነው አስከሬኑን ከተሸከሙት ሰዎች አጠገብ ነው፤ በመስኮት እጄን ብዘረጋ ቃሬዛውን እነካው ነበር። ለቀስተኞቹ አልተቆጡም። ቀና ብለው አዩን፣ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከኋላዬ ከልጆቹ አንዷ «በስመ አብ» ስትል ሰማሁ።

ደጀንን የማያውቅ ካለ ልንገረው። የጎጃም ሜዳ እዚያ ላይ ያበቃል። ከተማዋን ጥቂት አለፍ እንዳሉ መሬቱ ተገምሶ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ታች እስከ ድልድዩ ድረስ ቁልቁለት ብቻ ነው። ያኔ አዲሱ ድልድይ ገና አልተሠራም፤ አስፓልቱም ተፈነቃቅሎ ነበር። ከጥልቁ የሚወጡ የጭነት መኪኖች እያቃሰቱ ሲመጡ፣ የሚወርዱት ደግሞ ደጀን ላይ ቆመው ጎማቸውን ሳያዩ አይገቡበትም።

አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ልጆቹ ቁርስ ሲበሉ አባባ ታዬ መካኒክ ጠርተው መጡ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ቆየና ወጣ። ጋሽ ዓለሙና እኔ አጠገቡ ቆመናል።

«የፍሬኑን ዘይት የሚይዘው ትንሹ ጎማ ከውስጥ ተበልቷል። ዘይቱን ይተፋዋል» አለ እጁን በጋዜጣ እየጠረገ። «ዕቃው እዚህ የለም። ማርቆስ ቢደወል ለምሳ ሰዓት በሚመጣ መኪና ይደርሳል።»

«ለምሳ ሰዓት?» አሉ ጋሽ ዓለሙ። «በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ አይወርድም?»

«በማርሽ የወረደ አለ።»

«ታዲያ?»

«ያልወረደም አለ» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

አባባ ታዬ ለመኪናው ባለቤት ስልክ ሊደውሉ ሄዱ። ሲመለሱ ፎጣቸውን ከአንገታቸው ፈተው በእጃቸው ይዘውታል። «ሂድ ተብያለሁ» አሉ። ጋሽ ዓለሙ ሰዓታቸውን አዩና ልጆቹን ለመጥራት ወደ ሻይ ቤቱ ገቡ። እኔና አባባ ታዬ ብቻችንን ቀረን።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ከፊት አትቀመጪ። ልጆቹንም ወደ ኋላ አድርጊያቸው።»

«ለምን?»

የፍሬን ዘይት የያዘውን ጠርሙስ ከወንበራቸው ሥር አውጥተው ወደ ሞተሩ ሄዱ።

«እርስዎስ?» አልኳቸው ተከትዬ።

«እኔማ መኪናውን ጥዬ የት እደርሳለሁ?»

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት። ድፍረት አይደለም። ፍሬኑ እንደሚበጠስ አላውቅም፤ መኪናው እንደሚወድቅ አላውቅም፤ በዚያ መንገድ በባሰ መኪና ወርደው በሰላም የገቡ ብዙ ናቸው። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጆቹን በእጄ ደግፌ እዚያ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም። ልጆቹ ከሻይ ቤቱ ሲወጡ በመኪናው በርና በእነሱ መሐል ቆምኩ።

«ልጆች፣ አትግቡ» አልኳቸው።

ጋሽ ዓለሙ ያልሰሙ መስሏቸው ፈገግ አሉ። «ምን አልሽ ሙሉ?»

«ጋሼ፣ ልጆቹ በዚህ መኪና አይወርዱም። ዕቃው እስኪመጣ እንጠብቅ። ካልሆነም ሌላ መኪና እንፈልግ።»

«አሥር ሰዓት ላይ ሜዳ ላይ ካልተገኘን ፎርፌ ነው። ይህን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ስንት ዓመት እንደጠበቅሁትስ ታውቂያለሽ?»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰው መቆም ጀምሯል። «አንቺ ረዳት ነሽ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ ፈልገው ነበር መሰለኝ፣ ግን ሁሉም ሰማ። «የሚጓዘውንና የማይጓዘውን የምወስነው እኔ ነኝ።»

«የቡድኑን እርስዎ ይወስናሉ። እኔ ግን ለእናቶቻቸው የምመልሰው አጣለሁ።»

ከዚያ በኋላ እሳቸው ከእኔ ጋር መነጋገር ትተው ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ቅርጫት ኳስ በአምስት ሰው ይጀመራል» አሉ። «መጫወት የምትፈልግ አምስት ልጅ ትግባልኝ። ሌላው እዚህ ይቅር፤ አልቀየምም።»

መጀመሪያ የገባችው አምበላችን የሻረግ ናት። የመጨረሻ ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ገጠር ተመድባ ልታስተምር ነው፤ ኳስ በቃት ማለት ነው። ስታልፈኝ በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝ። ሁለት ጓደኞቿ ተከተሏት። ትንሽ ቆይታ አራተኛዋ እያለቀሰች ገባች። የቀሩት መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። የሻረግ ከመስኮቱ ብቅ ብላ ተጣራች።

«ታንጉት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ እንጂ።»

ታንጉት በመኪናውና በእኔ መካከል ቆማለች። ጋሽ ዓለሙ ያያሉ፤ የሻረግ ታያለች፤ እኔም አያለሁ። ሁሉም ነገር እሷ ላይ ቆመ። እሷ ከገባች አምስት ይሆናሉ፤ መኪናው ይሄዳል። «ልጄ» አሏት ጋሽ ዓለሙ በሚያባብል ድምፅ፤ «ያላንቺ ከቅርጫቱ ሥር ማን ይዘላል?» ልጅቷ ሰው እንደዚህ ሲፈልጋት የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። አንድ እግሯን አንስታ የበሩ መወጣጫ ላይ አሳረፈች። እጇን ይዤ አልጎተትኳትም።

ታንጉት እግሯን ከመወጣጫው ላይ መልሳ አወረደች። ወደ ሻይ ቤቱ አጥር ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሹራቧ ሸፈነች።

«እፈራለሁ፣ ጋሼ» አለች ከሹራቧ ውስጥ። «እውነቴን ነው፤ እፈራለሁ።»

ያን ቃል ማናችንም አልተናገርነውም ነበር። እኔ ስለ እናቶች አወራሁ፣ መካኒኩ ስለ ዘይት አወራ፣ አባባ ታዬ ስለ ወንበር። እፈራለሁ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ሲሰማ ግን የሁሉም ሆነ። አራተኛዋ ልጅ ወረደች። ሁለቱ ወረዱ። የሻረግ በመጨረሻ ስትወርድ ጫማዎቿን አንጠልጥላ፣ ማንንም ሳታይ፣ ሻይ ቤቱ ገብታ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች።

ጋሽ ዓለሙ ሰዓታቸውን ደግመው አዩ። «እኔ እቀድማለሁ» አሉ። «ውድድሩን የሚመሩትን ሰዎች ለምኜ ጨዋታውን አስገፋለሁ። ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ ድረሱ።» ይህንን ያሉት ለእኔ አልነበረም፤ ፊት ለፊታቸው ላለው አየር ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይቅሩ» አልኩ። እጃቸውን ልይዝ ስል ሸሹኝ። ገብተው በሩ በኩል ተቀመጡ። ደጀን እንደደረስን ያደረግነውን ታኮም ያነሳሁት እኔ ነኝ። አባባ ታዬ በመስታወቱ አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አውቶብሱም የልጆቹን ሻንጣ እንደያዘ ጉሙ ውስጥ ገባ። የሞተሩ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይሰማን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጠዋት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አሥር ልጅ አንድ ላይ የሚጭን መኪና አልተገኘም። ያለፉት አውቶብሶች ሁሉ ሞልተው ነው የመጡት። ሻይ ቤቷን የያዙት እትዬ በላይነሽ ልጆቹን ወደ ጓዳ አስገብተው ከሰል አቀረቡላቸው። ማንም አያናግረኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እሰማለሁ፤ በየጥቂቱ ወጥቼ ወደ ቁልቁለቱ አያለሁ፤ ጉሙ ምንም አያሳይም። አንዴ ስመለስ የሻረግ ግድግዳውን እያየች ተናገረች።

«እትዬ ሙሉ፣ ጋሼ አሁን ጎሐ ጽዮን ደርሰዋል። ድልድዩን ተሻግረው ወጥተዋል።»

«ያድርግላቸው።»

«ስንመለስ ለኮሌጁ የምናገረው እኔ ነኝ። ቡድኑን አንቺ ነሽ ያፈረስሽው። የእሳቸውን ቦታ ትፈልጊዋለሽ ይባል ነበር፤ አላምንም ነበር።»

አልተቆጣሁም። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ልጅቷ ትክክል እንድትሆን ስጸልይ ነበር። ጋሽ ዓለሙ በሰላም ገብተው፣ እኔ ከሥራ ተባርሬ፣ ሕዝቡ ስቆብኝ እንድኖር ለመንኩ። እንደዚያ አጥብቄ የለመንኩት ነገር የለም።

ጉሙ መነሳት ሲጀምር አንድ የጭነት መኪና ከጥልቁ ወጥቶ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ገብቶ ተቀመጠ። እትዬ በላይነሽ ሻይ ሲያቀርቡለት ብርጭቆውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ያይ ጀመር።

«ምነው ልጄ?» አሉት።

«አውቶብስ ነው፣ እናቴ። ፍሬን እንቢ አለው። ከፊቴ ጡሩንባውን እየነፋ ሲመጣ አየሁት፤ ገደል ሊገባ ነው ስል መሪውን ወደኔ በኩል አዙሮ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ድንጋዩ ላይ በራሱ ጎን አስጠጋው። አውቆ ነው። ሾፌሩ አውቆ በራሱ በኩል ነው ያጋጨው።» ሻዩን አስቀመጠው። «ደግነቱ ባዶ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ሰው ሞልቶት ቢሆን...» አለና ዐይኑ በጓዳው በር በኩል የልጆቹ ቱታ ላይ አረፈ።

የሻረግ ተነስታ ወደ ውጭ ሮጠች፤ ጫማዎቿ ግድግዳው ሥር ቀሩ። ልጆቹን ለእትዬ በላይነሽ ትቼ ፖሊሶች በያዙት ፒክአፕ ወረድኩ።

ያየሁትን ሁሉ አልነግራችሁም። የአውቶብሱ የሾፌር በኩል አለት ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። አባባ ታዬን ሰው ነጠላ አልብሷቸዋል። የኋላ ወንበሮቹ ከወለሉ ተነቅለው ወደ ፊት ሄደው ተከምረዋል፤ ልጆቹን ከኋላ ባስቀምጣቸውም አይተርፉም ነበር። የልጆቹ ሻንጣ ከፖርቶመጋላው ተወርውሮ ተበትኖ፣ ማልያዎቹ ቁልቋል ላይ ተሰቅለዋል። ጋሽ ዓለሙ መንገዱ ዳር ብርድ ልብስ ላይ ተኝተዋል። አንድ እግራቸውን ሳየው ፊቴን አዞርኩ። ዐይናቸው ግን ተከፍቷል። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ልጆቹ ሁሉም ደህና ናቸው።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አለቱ አዞሩ።

ተረፉ። አንዱ እግራቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ከወገባቸውም ተጎድተው ለብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኙ። አባባ ታዬን አገራቸው እነማይ ወስደን ቀበርናቸው፤ ልጆቹ በሙሉ ነጠላ ለብሰው ሄዱ፤ ልጃቸው «ከማን ወገን ናችሁ?» ብትለን መልሱን ስናጣ ታንጉት «የእሳቸው ነን» አለቻት።

ማርቆስ ስመለስ ታሪኩ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ሴቶች መንገድ ላይ ያቆሙኛል፤ እጄን የሚስሙ ነበሩ። ራእይ ታያለች ተባለ። የሻረግ ይቅርታ ልትጠይቀኝ መጥታ ጎን ለጎን ተቀምጠን አመሸን። ኮሌጁ ደግሞ የጋሽ ዓለሙን ቦታ ለእኔ ሰጠኝ። እምቢ ልል ነበር፤ ልጆቹ ግን ሜዳ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበርና ሄድኩ። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ጋሽ ዓለሙን ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩን ገርበብ አድርገው «ተኝቷል» አሉኝ። ሌላ ቀን ሄድኩ፤ ተኝተዋል። በክራንች መሄድ ከጀመሩ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ልጆቹን በየስማቸው ሰላም ይሉና እኔ ስደርስ ዐይናቸው ወደ ሌላ ይሄዳል። ሰው ፊት ስላዋረድኳቸው ይሁን፣ ብቻቸውን እንዲሄዱ ስላደረግሁ ይሁን፣ ወይስ እኔን ሲያዩ ያን ጠዋት ስለሚያዩት ይሁን፣ አልነገሩኝም። ዓመታት አለፉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። እንዴት አወቅሽ ለምትሉኝ፣ ደግሜ እላችኋለሁ፣ አላወቅሁም። ያ አውቶብስ በሰላም ወርዶ በሰላም ቢወጣ ኖሮ ውሳኔዬ ያው ነበር፤ ስሜ ግን ፈሪና ምቀኛ ይሆን ነበር። ሰው የሚያመሰግነኝ በአንድ የተበላ የፍሬን ጎማ ምክንያት ነው። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጅ በአደራ የተቀበላችሁ ሁሉ፣ መምህርም ሁኑ ሞግዚት፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ትክክል መሆናችሁን የሚመሰክርላችሁ አደጋ አትጠብቁ። ብዙውን ጊዜ አይመጣም። ያወረዳችኋቸው ልጆች ያኮርፏችኋል፣ ሰው ይስቅባችኋል፣ መኪናው በሰላም ይገባል። ያንን ተሸክሞ መኖር መቻል አለበት ሰው።

እኔም ደርሶብኝ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በኋላ በራሳችን ሜዳ የዋንጫ ጨዋታ ነበረን። በጥቂት ነጥብ እየመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ረዳቴ ብርቱካን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ አያል ደረቷን ስትይዝ ሁለቴ አየኋት። ትውጣ» አለችኝ። ነጥብ የምታስቆጥርልን አያል ናት። «ደክሟት ነው» አልኳት። «አይመስለኝም» አለች ብርቱካን። ተናደድኩ፤ «አንቺ ረዳት ነሽ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ ዓለሙ ያኔ ምን እንደተሰማቸው በገዛ ሰውነቴ አወቅሁት፤ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ነገር መሆኑን አልጠረጠርኩም ነበር። ከዚያ እጄን አንስቼ ተቀያሪ ጠየቅሁ።

ተሸነፍን። አያልን በባጃጅ ሆስፒታል ላክናት፤ ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ ምንም የለባትም አለ። ተመልካቹ ስሜን እየጠራ ሲሳደብ ቆይቶ ተበተነ። ልጆቹ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ብቻዬን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለ የክራንች ድምፅ ሲሚንቶው ላይ ሰማሁ። ጋሽ ዓለሙ ጨዋታውን ሲያዩ ነበር ለካ። ቀስ ብለው መጥተው ፊቴ ቆሙ። ልነሳ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ልጅቷስ?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ ጋሼ። ምንም አልተገኘባትም።»

«ተመስገን» አሉና ክራንቻቸውን አስደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ጨዋታው አልጠየቁኝም።